ማንሣትና ማጠብ
(ለክረምት ዕረፍት ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ለሚሄዱ የማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)





በዚህ ምሽት እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ሕፃናትን ፎቶግራፍ ስለ ማስተማር» የሚል ነው። ርእሱ በመጀመሪያ ሲሰማ የቅንጦት ነገር ይመስላል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ማስታወቂያውን በሰሌዳ ላይ አይተው «የጋይንት ልጅ ደብተር አጥቶ ሳለ ካሜራ ምን ያደርግለታል?» ማለታቸውን ሰምተናል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ሳንመልሰው ከዚህ መድረክ አንወርድም።

ነገራችንን ከአማርኛ እንጀምር። ፎቶግራፍ በቋንቋችን ሁለት ግሦች አሉት። አንደኛው «ማንሣት» ነው፤ ሁለተኛው «ማጠብ» ነው። ዛሬ ፎቶ ቤት ሄደን ከስልካችን አንድ ሥዕል በወረቀት ስናስወጣ፥ ጠብታ ውሃ ሳይነካው «አሳጠብን» እንላለን። ቃሉ የተረፈው ፊልሙም ወረቀቱም በእውነት በመድኃኒትና በውሃ ይታጠብ ከነበረበት ከጨለማ ክፍል ዘመን ነው። ማንሣቱን አሁን የማያውቅ የለም፤ ስልክ የያዘ እረኛ ሁሉ ያነሣል። ማጠቡ ግን ተረስቷል። እኛ የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ሕፃንን ፎቶግራፍ ማስተማር ማለት ሥዕሉን ወረቀት ላይ አውጥቶ ለተነሣው ሰው በእጁ እስኪያስረክብ ድረስ ማስተማር ነው። ማንሣት ብቻ የተማረ ልጅ በግማሽ ሙያ ይቀራል፤ የተነሣውም ሰው ባዶ እጁን ይቀራል።

ባዶ እጅ መቅረት ደግሞ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፥ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል አድርገው ወደ መቅደላ ሄዱ። ከወዲያ በኩል ከባሕር የወጣው የእንግሊዝ ጦር ከመድፍና ከዝሆን ጋር የመሐንዲስ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎችንም ይዞ መጣ። አምባውን፥ ሰፈሩንና ሰዉን አነሡ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱ። ዛሬ በየግድግዳው የምናየው የቴዎድሮስ መልክ በሰው እጅ የተሣለ ነው እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም። ልጃቸው ዓለማየሁ ግን ገና ሰባት ዓመቱ ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፥ በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርግሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በአይል ኦፍ ዋይት ደሴት አነሣችው። ልጁ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በስደት አገር ዐረፈ፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ በውጭ አገር ሙዚየሞች ይታያል። ካሜራው ወደ እርሱ ዞሮ ነበር እንጂ በእጁ አልነበረም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው የረሃቡን ሁኔታ በፎቶግራፍ አንሥተው መጡ፤ ሥዕሎቹም በግቢው ውስጥ ለተማሪው ታዩ። መንግሥት ሊሸፍነው የሞከረውን ነገር የታተመ ወረቀት ገለጠው፤ ተማሪውም ተነሣ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ሞሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አስለቀሰ፤ እርዳታም አመጣ። ይህን ውለታ አንክድም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ደጋ ሕፃን በዓለም ዘንድ የሚታወቀው በአንድ መልክ ብቻ ሆነ፤ ዝንብ የወረረው፥ እጁን የዘረጋ፥ ስሙ ያልተጻፈ ልጅ ሆኖ። ያ ልጅ በሌላ ቀን ጥጃ ሲያግድ፥ በገና ዕለት ገና ሲጫወት፥ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲስቅ ያነሣው የለም። ቢያነሣውም ሥዕሉ ከቤቱ አልደረሰም።

እስቲ ወደ ቤታችን እንግባ። በላይ ጋይንትም ይሁን በታች ጋይንት፥ በስማዳም ይሁን በእስቴ፥ በአንድ የሽማግሌ ቤት ስንት ፎቶግራፍ ይገኛል? ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ለመታወቂያ የተነሣች ጉርድ ፎቶግራፍ። ባለቤቷ ሲሞት ያች ጥፍር የምታህል ሥዕል ወደ ከተማ ተልካ ትጎላለች፤ በለቅሶውም ላይ ከፍ ብላ ትያዛለች። ሰውየውን ሲስቅና ሲቀልድ የሚያውቀው ዘመድ ሁሉ፥ መብራት ደንግጦ ዐይኑን ያፈጠጠ ሌላ ሰው እያየ ያለቅሳል። ወደ ዐረብ አገር የሄደች እኅታችንም ለእናቷ የተወችው የፓስፖርት ጉርዷን ነው። በስልክ የተነሡት ብዙዎቹ ሥዕሎች ስልኩ ሲሰበር፥ ሲሸጥ ወይም ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ሕፃኑን እጅ ሥራ የምናስተምረው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የአያቱን እውነተኛ ፊት እንዲያቆይልን ነው።

«ሕፃን ይህን ይችላልን?» ለሚለው ምስክር አለን። በአገራችን የፎቶግራፍ ሙያ ሲተከል ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ ነው የመጣው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሥራውን ይዘው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉ። በእኛ ዘመን በዓለም የታወቀችው አይዳ ሙሉነህ ደግሞ ካናዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች ከጨለማ ክፍል ጋር ተዋወቀች፤ ወደ አገሯም ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ በዓል መሠረተች። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡ ሕፃናት ኤሪክ ጎትስማን ከተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር ሆነው «ሰደን ፍላወርስ» በሚል ስም የራሳቸውን ኑሮ ራሳቸው በፎቶግራፍ ተረኩ። ሌሎች ስለ እነርሱ የሚናገሩትን እየሰሙ ከመቀመጥ እነርሱ ተናጋሪ ሆኑ።

ለእኛ ደጋ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከአሜሪካ የአፓላሽያ ተራሮች የተገኘው ነው። ዌንዲ ኢዋልድ የተባለች መምህርት እ.ኤ.አ. በ1975 በኬንታኪ ክፍለ ሀገር፥ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችና ድኻ ገበሬዎች ወደሚኖሩበት ሸለቆ ሄደች። ያም አገር እንደ እኛው በድኽነቱ ብቻ በጋዜጣ የታወቀ ነበር። በትምህርት ቤቱ ጨለማ ክፍል አቋቁማ ሕፃናቱ ፊልማቸውን ራሳቸው እንዲያጥቡና እንዲያትሙ አደረገች። «ስለ ራሳችሁ፥ ስለ ቤተ ሰባችሁ፥ ስለ እንስሶቻችሁ፥ ስለ ሕልማችሁ አንሡ» አለቻቸው። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1985 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ድኽነቱን አይደለም፤ ልጆቹ የሚወዱትን ነገር ነው።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ትምህርት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የቤቱን በርና ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ደፍነን፥ ፀሐይ ወዳረፈበት ደጅ በሚያሳየው ግድግዳ በኩል ጣት የምታህል አንዲት ቀዳዳ እንተዋለን። ከፊቷ ነጭ ነጠላ እንዘረጋለን። ዐይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት እንታገሣለን። ከዚያ በኋላ የደጁ ባሕር ዛፍ፥ ጋራውና መንገዱ በነጠላው ላይ ተገልብጠው ይታያሉ። አንድ ልጅ ይህን አይቶ «አያ፥ ቄሱ ተዘቅዝቀው ይሄዳሉ!» ብሎ መጮኹ አይቀርም። ያን ጊዜ ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚጓዝ፥ ከራስ የመጣው ወደ ታች ከእግር የመጣውም ወደ ላይ እንደሚወርድና እንደሚወጣ በእንጨት መሬት ላይ እየጫርን እናስረዳዋለን። ካሜራ ማለት እንግዲህ ይህ ቤት ነው፤ ትንሽ ሆኖ በእጅ ተያዘ እንጂ። ኢብን አል ሃይሠም የተባለው የዐረብ ሊቅ ከዛሬ አንድ ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት ይህን መርምሮ ጽፎታል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ በኩል የቀለበት ግርዶሽ ባለፈበት ቀን፥ ከዛፍ ሥር መሬት ላይ እንደ ማጭድ የጎበጡ ትናንሽ ብርሃኖችን ያዩ ሁሉ ይህንኑ ሕግ አይተዋል፤ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ካሜራ ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ፀሐይ የምታትመው ሥዕል ነው። ሲያኖታይፕ ይባላል፤ ጆን ሄርሸል እ.ኤ.አ. በ1842 ያገኘው ዘዴ ሲሆን የመሐንዲሶች ሰማያዊ ፕላን ለረጅም ዘመን የተባዛው በዚሁ ነው። 25 ግራም ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፥ 10 ግራም ፖታሲየም ፌሪሳይናይድ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ለየብቻ ይሟሟሉ፤ ሊሠራባቸው ሲባል እኩል እኩል ይቀላቀላሉ። መድኃኒቱን የምንመዝነውና የምንቀላቅለው እኛ ታላላቆች ነን። ወደ አሲድና ወደ እሳት አናቀርበውም፤ ከምግብ ዕቃ ጋርም አናገናኘውም። ልጁ በብሩሽ ወረቀቱን ይቀባል፥ በጨለማ ያደርቃል፥ በላዩም የገብስ ዛላ፥ የግራዋ ቅጠል ወይም የእናቱን የጥልፍ ቁራጭ ያስቀምጣል። ፀሐይ ላይ አኑሮት ቆይቶ በውሃ ሲያጥበው ወረቀቱ ሰማያዊ፥ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የእንግሊዟ አና አትኪንስ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ የባሕር አረምን በዚህ ዓይነት አትማ መጽሐፍ አድርጋዋለች።

«ክረምት ነው፥ ፀሐይ ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ብልጭ የምትለው ፀሐይ ትበቃለች፤ በደመና ቀንም ጊዜው ይረዝማል እንጂ ሥራው አይከለከልም። ጊዜውን ለማወቅ ቁራጭ ወረቀት ላይ በየ5 ደቂቃው አንድ አንድ ጣት እየሸፈኑ መሞከር ነው። ልጁ ሳያውቀው ሒሳብ ተማረ ማለት ነው። ለማጠቢያው ግን ክረምቱ ራሱ ረዳታችን ነው፤ ከጣራ የወረደውን የዝናብ ውሃ መጠቀም ይቻላል። ይህም ውሃ ከሩቅ የምትቀዳውን ታናሽ እኅታችንን ለፎቶግራፍ ብለን ተጨማሪ እንስራ እንዳናሸክማት ይጠቅመናል። እርሷም ከተማሪዎቹ አንዷ ናትና።

ከቅጠል ወደ ሰው ፊት መሻገሪያውም ቀላል ነው። በስልክ የተነሣውን ሥዕል ጥቁሩን ነጭ፥ ነጩን ጥቁር አድርገን በፎቶ ኮፒ ቤት በተራ ወረቀት እናስወጣዋለን። ከዚያም በጥቂት የምግብ ዘይት ከኋላው አሽተን በጨርቅ እናደርቀዋለን። ወረቀቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጌቲቭ ይሆናል። በተቀባው ወረቀት ላይ አድርገን በመስታወት ተጭነን ፀሐይ ላይ ስናኖረው፥ የአያታችን ፊት በሰማያዊ ቀለም ይታተማል። አዲሱና አሮጌው ዘዴ በዚህ ላይ ይታረቃሉ።

ሦስተኛው ትምህርት እውነተኛው ጨለማ ክፍል ነው። ይህ ፊልም፥ ወረቀትና ማጉያ መሣሪያ ለሚያገኝ ነው። ቀይ መብራት፥ ሦስት ሳሕን፦ በመጀመሪያው ሥዕሉን የሚያወጣ መድኃኒት፥ በሁለተኛው የሚያቆም፥ በሦስተኛው የሚያጸና፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ንጹሕ ውሃ። መድኃኒቱ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን በደንብ ይሠራል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና በውርጭ ውሃ ሥዕሉ ገርጥቶ ይዘገያል፤ ሳሕኑን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የሚያጸናው መድኃኒት ካለቀ በኋላ ብር የተባለውን ማዕድን ይዞ ስለሚቀር ከብት በሚጠጣበት ወንዝ አይደፋም፤ በዕቃ ተጠራቅሞ ወደ ላቦራቶሪ ይመለሳል። ባዶ ወረቀት በመድኃኒት ውስጥ ተኝቶ ቀስ በቀስ ቅንድብ፥ ቀጥሎ ዐይን፥ ቀጥሎ ሙሉ ፊት ሲያወጣ ያየ ልጅ የመታገሥን ጥቅም በምክር ሳይሆን በዐይኑ ይማራል።

አራተኛው በዲጂታል ማሳተም ነው። ከሁሉም ይበልጥ የምንጠቀምበት ይህ ይሆናል። ለአንድ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት 1,200 በ1,800 ነጥብ ያለው ሥዕል ይበቃል፤ ስለዚህ ርካሹም ስልክ አይናቅም። ጥበቡ በመምረጥ ላይ ነው። ልጁ መቶ አንሥቶ ይምጣ፤ ከዚያ መካከል አምስት እንዲመርጥ፥ ለምን እንደ መረጠም በቃሉ እንዲናገር እናድርገው። ፎቶ ቤትም ስንሄድ አብሮን ይሂድ። አንዳንድ ፎቶ ቤቶች ሳይጠየቁ የሰውን ቆዳ ያነጣሉ፤ ከስማዳ ገበሬም ኋላ ያልሄደበትን የአውሮፓ አበባ መስክ ይተክላሉ። ልጁ «እንዳለ ይሁንልኝ» ማለትን ይማር። እማማ ፊታቸው ላይ ያለው መሥመር በዕድሜና በድካም ያገኙት ነው፤ ማንም በኮምፒዩተር ሊፍቅባቸው አይገባም።

ከዚህ ጋር አራት ደንቦች እናስከትላለን። አንደኛ፥ ሳይፈቀድ አይነሣም፤ ልጁ «እማማ፥ ላንሣዎት?» ብሎ ይጠይቅ፤ እምቢ ካሉ ካሜራውን ያውርድ። ሁለተኛ፥ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ይታተማል፤ የመጀመሪያው ለተነሣው ሰው ይሰጣል፤ ሁለተኛው በልጁ ዘንድ ይቀመጣል። ሦስተኛ፥ በጀርባው በእርሳስ የሰውየው ስም፥ ቀበሌው፥ ቀኑና ያነሣው ልጅ ስም ይጻፋል፤ ስም የሌለው ሥዕል የሩቅ ሰው እንደ ፈለገ የሚተረጉመው ሥዕል ነው። አራተኛ፥ ጦር መሣሪያ፥ ኬላና ወታደር ባለበት ካሜራ አይወጣም። ይህን ደንብ በተለይ አደራ የምንላችሁ፥ የሕፃን ነፍስ ከማንኛውም ሥዕል ስለምትበልጥ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ካሜራ ደብተርን አይተካም፤ እንጀራንም አይተካም። ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ መራቃቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ታናሽ ወንድማችን ቤት ውሎ ሳለ፥ ግራምና ሚሊ ሊትር ቢለካ፥ ደቂቃ ቢቆጥር፥ በሥዕሉ ጀርባ ሦስት መሥመር ቢጽፍ፥ ይህ ከትምህርት የተለየ ነገር ነውን? ደግሞም ድኻ እንጀራ ብቻ ይበቃዋል የሚለውን አስተያየት አንቀበለውም። ድኻ የልጁን ፊት ማየት ይፈልጋል። የሞተችበትን እናቱን መልክ መርሳት ያሳዝነዋል። ይህ ከሀብታሙ የሚለየው ጉዳይ አይደለም።

ወጪው ቢከብድ እንተባበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የዘመቱት ታላላቆቻችን አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሲያስተምሩ የያዙት ጠመኔና ፈቃደኛ ልብ ነበር። እኛ የምንጠይቀው አንድ ክረምትና አንድ ልጅ ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን፦ ከነፋስ መውጫ፥ ከዐርብ ገበያ፥ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ አካባቢ የመጣን አባሎች እያንዳንዳችን አንዲት ሴት ልጅ ወይም አንድ ወንድ ልጅ እንያዝ፤ ማኅበሩ ለወረቀቱና ለመድኃኒቱ ከመዋጮው ጥቂት ይመድብ፤ በመስከረም ስንመለስ የተነሡት ሰዎች ከፈቀዱልን ሁለተኛዎቹ ሥዕሎች በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ፤ በሥራቸውም የልጆቹ ስም ይጻፍ።

የመጀመሪያዎቹ ግን ወደዚህ አይመጡም። እነርሱ በየባለቤቶቻቸው ቤት፥ ከምሰሶው ላይ ወይም ከሣጥኑ ውስጥ ይቀራሉ። ሥራችን የተሳካ መሆኑ የሚታወቀው በእነዚያ ነው።